ስለ ጤና አዳም ቀንበጥ የወጣ አዋጅ

እኛ፣ በእግዚአብሔር ቸርነት በአዲስ አበባ ከተማ በእናታችን ጓሮ፣ ርዝመቱ ስድስት ወርዱ ሦስት ክንድ በሆነ የአትክልት መደብ ላይ እስከ ቤቱ ሽያጭ ዕለት ሥልጣን የነበረን፣ ሻጭና ገዢ ስለ አንዲት ቅጠል ሲጣሉ መኖራቸው ለነፍስም ለሥጋም የማይበጅ መሆኑን ስለ ተመለከትን፣ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1። ይህ አዋጅ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል።

አንቀጽ 2። ቤት የሸጠ ሰው በርና መስኮት ነቅሎ አይሄድም። ግልጽ ስለሆነ አናብራራውም።

አንቀጽ 3። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1133 ዛፍና አዝመራ ከመሬቱ እስካልተለዩ ድረስ የመሬቱ ክፍል ናቸው፣ እንዲለዩ ውል የተደረገባቸው እንደሆነ ግን እንደ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ይቆጠራሉ ማለቱን እናከብራለን። ነገር ግን የከተማ መሬት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ ሻጩ ያልሸጠውን ገዢውም ያልገዛውን አፈር ተገን አድርጎ በአንዲት ጤና አዳም ላይ ዘብ መቆም ግሩም ድንቅ ሆኖ ስላገኘነው፣ እንደሚከተለው ደንግገናል።

ሀ) ጌሾው፣ ኮባውና ኮኩ ለገዢው ይቀራሉ። ከጤና አዳሟ ግን፣ ቀንበጧ ተቆርጣ ብትተከል ስለምትይዝ፣ ግንዷም በዚህ ምክንያት ስለማትጎድል፣ ሻጩ አንድ ስንዝር መውሰድ ይችላል።

ለ) ስንዝሩ በሟች እጅ ይለካል፤ ይህ ባይቻል በታላቂቱ ልጅ እጅ ይለካል፤ በገዢው እጅ ግን ከቶ አይለካም፣ ብር መቁጠሪያ እንጂ ቡቃያ መትከያ አልነበረምና።

ሐ) የሟች ሙት ዓመት ያልወጣ እንደሆነ ቀንበጡ ሁለት ይሆናል፤ ለተዝካሯ ቡና የሚፈላ እንደሆነ ሦስት፤ ሻጩ አልቅሶ የለመነ እንደሆነ ቁጥር የለውም።

መ) ገዢው «ውሉ በግቢው ካለው ሁሉ ጋር ይላል» ያለ እንደሆነ፣ ውሉን ከስኒው ውስጥ ነክሮ አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን በእሱ ይጠጣ።

ሠ) ገዢው ቀንበጧን ከከለከለ በኋላ፣ በስምንተኛው ቀን መደቡን ከነጤና አዳሟ ሊሾ አስደርጎ መኪና ያቆመበት እንደሆነ፣ ምን ይባላል? «አንዲት ቀንበጥ ብቻ፣ ጋሼ» ብዬ በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ «ዛሬ ቀንበጥ፣ ነገ አጥሩን ትላላችሁ» ያለኝም እሱ ነው። ሊደፍነው ከነበረ ለምን ከለከለኝ? የቀረ ዕቃ ልወስድ ተመልሼ ስገባ ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነበር፤ ከግድግዳው ሥር የአንዲት ቅጠል ጫፍ ብቅ ብላ ቀርታለች። ጎንበስ ብዬ በጣቴ አሸኋት። ሽታው የእናቴ ነጠላ ነው። ከኋላዬ «እግርህን አንሳ፣ ገና አልደረቀም» አለኝ።

አንቀጽ 4። ቅጣት። ለንስሐ አባቱ ትተናል።

አንቀጽ 5። ይህን አዋጅ የሚቃረን ማናቸውም ሕግ ተሽሯል።

ከጉልት በተገዛ ጤና አዳም ቡና እየተጠጣ፣ በኪራይ ቤት፣ በአዲስ አበባ ተጻፈ።