ቤት የተሠራ ባለ ቲዩብ አምፕሊፋየር ብልሽት ፍለጋ በድሬ ዳዋ፦ ቅድመ ጥናት

የጥናቱ ዳራ

ድሬ ዳዋ የምድር ባቡሩ ሐዲድ ሲደርሳት በ1902 እ.ኤ.አ. ተቆረቆረች። እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ የመጀመሪያውን ቫኪዩም ቲዩብ የሠራው በ1904 ነው። ከተማዋ ቲዩብን በሁለት ዓመት ትበልጠዋለች ማለት ነው። ነዋሪው ስለ ቲዩብ ያለ ምንም ይሉኝታ ብይን የሚሰጠው በዚሁ የታላቅነት መብት ሳይሆን አይቀርም።

የጥናቱ ወሰን

ጥናቱ ከዚራ በሚገኝ አንድ ግቢ፣ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ባለው የበርጫ ጊዜ የተወሰነ ነው። ናሙናው ከአሮጌ ራዲዮ በተነቀለ ትራንስፎርመርና በኢኤል 84 ቲዩቦች የተሠራ አንድ አምፕሊፋየር ነው። ሕመሙ “እምምም” ማለት ነው።

የጥናቱ ዘዴ

መጽሐፉ የሚለው ቀላል ነው። ጉርምርምታው የመብራታችን 50 ሄርዝ ከሆነ ሽቦውንና ግራውንዱን፣ ሬክቲፋየሩ በእጥፍ ያወጣው 100 ሄርዝ ከሆነ ደግሞ የፓወር ሰፕላዩን ካፓሲተር ጠርጥር። ከዚያ የመግቢያዋን ቲዩብ ንቀል፤ ድምፁ ካልጠፋ እሷ ነፃ ናት። ግቢው ግን በድምፅ ብልጫ መወሰንን መርጧል። ለመሞከሪያም የሲግናል ጄኔሬተር ሳይሆን የከተማዋ ልጅ የአሊ ቢራ ካሴት ቀርቧል። ዘፈኑ ሲጀምር ተመራማሪዎቹ ሁሉ አብረው ስለሚያንጎራጉሩ ጉርምርምታው የማን እንደሆነ መለየት አልተቻለም።

ግኝቶች

አንደኛ፣ ምርመራው ከሰዓቱ ጋር ይሄዳል። በ8 ሰዓት “አቦ፣ ፊውዝ ነው!” ይባላል። ምርቃናው ሲደርስ ፊውዙ ይረሳና አምፕሊፋየሩ ፈርሶ ስቴሪዮ እንዲሆን፣ ከዚያም ፋብሪካ እንዲከፈትለት ይወሰናል።

ሁለተኛ፣ በጥፊ መምታት ሳይንሳዊ መሠረት አለው። የዛገ የቲዩብ እግር ሶኬቱን መልሶ ሊነካ ይችላል። ሕመሙ ከተመለሰ የሚደረስበት ድምዳሜ ግን ጥፊው አንሷል የሚል ነው።

ሦስተኛ፣ አምፕሊፋየሩ ከመብራት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ኤሌክትሪኩ ደረት እንዳያቋርጥ የውጭ ባለሙያዎች “አንድ እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርግ” ይላሉ። የድሬ ሽርጥ ኪስ የለውም። ሆኖም አንደኛው እጅ ጫቱን ለአፍታም ስለማይለቅ ደንቡ ያለ አንዳች ሥልጠና ሲከበር ተስተውሏል።

አራተኛ፣ ብልሽቱ የተገኘው በጨብሲ ሰዓት፣ ሁሉም ዝም ሲል ነው። ጥግ ተቀምጦ አንድም ሐሳብ ያልሰጠው ልጅ ያበጠውን ካፓሲተር በጣቱ አሳየ። የሙቀቱ ሥራ ነበር፤ ሙቀት 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የዚህ ዓይነቱ ካፓሲተር ዕድሜ በግምት በግማሽ ያጥራል። ልጁ ግን የምርምር ልምድ ስለሌለው ግኝቱ በቃለ ጉባኤ አልተያዘም።

የመፍትሔ ሐሳብ

ካፓሲተሩን መቀየር ደቂቃዎች ይበቁታል። ነገር ግን አምፕሊፋየሩ ከዳነ ጉባኤው ያለ አጀንዳ ይቀራል። ስለዚህ ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል፤ ጥናቱ ነገ በ8 ሰዓት ይቀጥላል። የጫቱን፣ የለውዙንና የቀዝቃዛ ውኃውን በጀት የአምፕሊፋየሩ ባለቤት ይሸፍናል።