ግባ፣ ላድርስህ!

በሎስ አንጀለስ መኪና የሌለው ሐበሻ ወይ ታሟል፣ ወይ ከስሯል፣ ወይ ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ መንጃ ፈቃዱን ተቀምቷል። አራተኛ ምክንያት አይታወቅም። ኮሮላዬን ሸጬ በአውቶቡስ መሄድ የጀመርኩ ሰሞን ይህን አራተኛ ምክንያት ለማስረዳት ያልሞከርኩት ዘዴ የለም። «ለአንድ ቤት ሁለት መኪና በዛ፤ ኢንሹራንሱም ናረ፤ ደግሞ ይሄ ጭስ ለልጆቻችንም አይበጅ» እላለሁ። ሰሚዬ ከንፈሩን ይመጥና፣ ለቅሶ ቤት በሚያወጣው ድምፁ «አይዞህ፣ ሁሉም ያልፋል» ይለኛል።

የእድራችን ሰብሳቢ እኔን ላለማሳፈር ብለው ለባለቤቴ ደወሉላት። «የኔ ልጅ፣ እንደ አባትሽ ቁጠሪኝና እውነቱን ንገሪኝ። ቁማር ነው?» እሷ የሆስፒታል የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ ገና ጋደም ማለቷ ነበር። «አይ ጋሼ፣ የአካባቢ ጥበቃ ነው» አለቻቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «መድኃኒት የለውም?» ብለው ጠየቁ።

መደበቅ ደግሞ አልቻልኩም። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከኦሎምፒክ ጎዳና ወደ ደቡብ ዝቅ ሲባል ያለችውን ሰፈር ከተማው በ2002 እ.ኤ.አ. «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሟታል። ምግብ ቤቱ፣ ቅመም መሸጫው፣ የባህል ልብስ ሱቁ እዚያው ተደርድሯል። የእኔም ፌርማታ እዚያው ነው። በመላው ካሊፎርኒያ መኪና የሌለው ሐበሻ ሊጋለጥ የሚችልበት ከዚህ የከፋ ቦታ የለም። ገና ከመቆሜ ጡሩምባ ይነፋል፣ መስኮት ይወርዳል።

«ግባ፣ ላድርስህ!»

«ኧረ አውቶቡሴ መጥቷል።»

«አትጀነን፣ ግባ!»

አውቶቡሱ በርግጥም መጥቷል። ወደ ፌርማታው መጠጋት ግን አልቻለም፤ የወዳጄ መኪና ፌርማታው ላይ ቆማለች። ሾፌሩ ከኋላ ያምባርቃል፣ ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ ወዳጄ እጁን አውጥቶ «አንዴ! አንዴ!» ይላል። ለሕዝብ ማመላለሻው ስል ገባሁ። በአውቶቡስ ቢሆን ሩብ ሰዓት የማይፈጀውን መንገድ፣ ቡና እስክንገዛ፣ ነዳጅ እስኪሞላና ስለ ቁማር እስኪመክረኝ ድረስ በሚያሳዝን ፍጥነት ተጓዝነው።

ነገሩን ለማመን የሚያስቸግረው ሥራዬ ነው። ፓርኪንግ ነው የምሠራው። በዚያች ጠባብ ዳስ ውስጥ ትኬት እየቆረጠ ልጆቹን ኮሌጅ የላከ ሐበሻ ብዙ ነው፤ የእኔም እንጀራ የሚጋገረው በቆመ መኪና ላይ ነው። ጠዋት በእግሬ ስገባ አለቃዬ የአባቴን ርስት ጥዬ የመጣሁ ያህል ይቆጨዋል። «ለሠራተኛ ነጻ ቦታ አለህ እኮ!»

ስለ ነጻ ቦታ ሲነሣ ዶናልድ ሹፕ ትዝ ይሉኛል። በዚሁ ከተማ በዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ የከተማ ፕላን ያስተማሩ፣ በ2025 ያረፉ ሊቅ ናቸው። በ2005 ያሳተሙት ስለ ነጻ መኪና ማቆሚያ ውድነት የሚተርከው መጽሐፋቸው ከ700 ገጽ በላይ ነው። ስለ መኪና ማቆም 700 ገጽ! እኔ በሙያው ስንት ዓመት ኖሬ ሁለት ገጽ የሚሞላ ወሬ የለኝም። ነጻ የሚባል ማቆሚያ የለም ነው ነገራቸው፤ ዋጋው የቤት ኪራዩ ውስጥ፣ የገበያው ዕቃ ውስጥ፣ የምግብ ቤቱ ሽሮ ውስጥ ተሸሽጓል፤ መኪና የሌለውም ሰው ይከፍለዋል። እሳቸው ራሳቸው ወደ ግቢው የሚመላለሱት በብስክሌት ነበር። ሐበሻ ቢሆኑ ኖሮ እድሩ ይሰበሰብላቸው ነበር።

ቁጥሩንም ልንገራችሁ፣ የሙያ ጉዳይ ስለሆነ። ተመራማሪዎች ሲቆጥሩት በሎስ አንጀለስ ካውንቲ 18.6 ሚሊዮን ገደማ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ተገኝቷል፤ ሕዝቡ 10 ሚሊዮን ገደማ ነው። በካውንቲው ካሉት ከተሞች መሬት 14 በመቶው ለመኪና ማቆሚያ የተሰጠ ነው። አንዱ መኪና እቤት ቦታ አለው፣ ሥራ ቦታ አለው፣ ገበያ አለው፣ ቤተ ክርስቲያን አለው። እኛ ከነአማቴ በሁለት መኝታ ቤት ነው የምንኖረው።

ካሊፎርኒያ በ1992 አንድ ሕግ አውጥታለች፤ የሹፕ ጥናት ፍሬ ነው። ሠራተኛው አሠሪው የተከራየለትን ማቆሚያ ከተወ ዋጋውን በጥሬ ገንዘብ ይቀበል ይላል። ይህን ለአለቃዬ አነሣሁለት። ሕጉ የሚመለከተው 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ነው፤ እኛ ዳሱን ቆጥረንም አምስት አንሞላም። ይልቅስ እሱ መልሶ ጠየቀኝ፦ «ሁሉም ሰው እንዳንተ ቢያደርግ አንተን ማን ይቀጥርሃል?» ጥያቄው ከሹፕ መጽሐፍ ይከብዳል። እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም፤ በአውቶቡስ ውስጥ አስብበታለሁ።

አውቶቡሱ ደግሞ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል። 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም በካርድ ከፍሎ የገባ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ከአንዱ ወደ ሌላው እየቀየረ ቢሄድ ተጨማሪ አይጠየቅም። ይህ ቸርነት ነው፤ ግን ከተማው ሁለቱን ሰዓት ይፈልገዋል። ይህቺ አገር እንዲህ ሆና አልተፈጠረችም። ቀዩ ባቡር የሚሏቸው የፓሲፊክ ኤሌክትሪክ ሐዲዶች በአንድ ዘመን ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግተው ተራራውን ከባሕሩ ያገናኙ ነበር። ባቡሩን የዘረጋው ሄንሪ ሀንቲንግተን መሬትም ይሸጥ ነበርና፣ ሐዲዱ ወደ ባዶ ሜዳ ይሄዳል፣ ሜዳው ቤት ይሆናል፣ ቤቱ ይሸጣል። ሜዳው አለቀ፤ በ1940 የአሮዮ ሴኮ ፓርክዌይ ተመርቆ የፍሪዌይ ዘመን ገባ፤ በ1961 የመጨረሻው ቀይ ባቡር ቆመ። ከዚያ ወዲህ የተራራቀውን ከተማ ይዘን ባቡሩን ያጣን እኛ ነን።

ባቡሩ ተመልሶ እየተሠራ ነው እርግጥ። በዊልሽር ጎዳና ሥር የሚያልፈውን የምድር ባቡር ጉድጓድ ዓመታት ሙሉ በጎኑ እያለፍኩ አይቼዋለሁ። በ1985 በዚያው በፌርፋክስ አካባቢ ከመሬት የወጣ ሚቴን ጋዝ አንድ የልብስ መደብር ውስጥ ፈንድቶ ነበርና በዚያ ሥር ዋሻ መቆፈር ለሃያ ዓመት ያህል ታግዶ ቆየ። ሲፈቀድም አካባቢው ሬንጅ ከመሬት የሚፈልቅበት ስለሆነ ዶማው የበረዶ ዘመን እንስሳት አጥንት እያወጣ ተቸገረ። ላ ብሬያ ጎዳና ጥግ ላይ የማሞት ራስ ቅል ተገኝቷል። አንድ አብሮኝ የሚሳፈር ሽማግሌ «ባቡሩን ሲጠብቅ ነው የሞተው» አለኝ። ከዚሁ ጉድጓድ አጠገብ፣ ዊልሽርና ፌርፋክስ ማዕዘን ላይ፣ የአውቶሞቢል ሙዚየም አለ። ሰው መኪና ለማየት በመኪና መጥቶ፣ መኪናውን አቁሞ፣ የቆሙ መኪኖች ሊጎበኝ ይገባል። በሙያዬ ኮራሁ።

ፀሐዩን ሳልጠቅስ አላልፍም። ብዙው ፌርማታ ጥላ የለውም። ከተማው በ2023 ለዚህ መላ ብሎ «ላ ሶምብሪታ» የተባለ ነገር አስመረቀ፤ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ፣ ስፋቱ ሁለት ጫማ የሆነ፣ የተበሳሳ ብረት። ባለሥልጣናት ሥሩ ቆመው ፎቶ ተነሡ፤ አገር ሳቀ። እኔ ግን አልፈርድም። ቀጭን ሰው በትክክለኛው ሰዓት በጎኑ ከቆመ ጥላ ያገኛል። እኔም ሁዳዴ ሲገባደድ እበቃላት ይሆናል።

ለእውነቱ ከሆነ ግን በቤታችን የአካባቢ ጠባቂዋ እኔ አይደለሁም፤ አማቴ ናቸው። ልጅ ሊይዙልን ከደብረ ብርሃን መጡ። መንዳት አይችሉም፣ ዕቃ መጣል አይችሉም፣ ባዶ ጠርሙስ አይተው ማለፍ አይችሉም፤ በተለይ አምስት ሳንቲም እንደሚመለስበት ከተረዱ ወዲህ። በመጡ በማግስቱ በረንዳ ላይ ወጥተው የጎረቤቱን ደጅ ትኩር ብለው አዩ።

«ይህን ሁሉ ሣር የማን ከብት ነው የሚግጠው?»

«ማንም አይግጠውም፣ እማማ።»

«ታዲያ ለምን ያጠጡታል?»

ከውኃው ከፊሉ በ1913 በተመረቀ፣ ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ቦይ ከኦወንስ ሸለቆ እንደሚመጣ፣ በዚያ የተነሣ የሸለቆው ሐይቅ እንደደረቀ፣ ገበሬዎቹም ቦዩን በፈንጂ እስከ መምታት እንደደረሱ ነገርኳቸው። አማተቡ። ዛሬ ደግሞ የከተማው ውኃና መብራት መሥሪያ ቤት ሣሩን ነቅሎ ውኃ የማይፈጅ ተክል ለሚተክል ሰው በካሬ ጫማ እያሰላ እንደሚከፍል ጨመርኩላቸው።

«ሣር ለመንቀል ይከፈላል?»

«ይከፈላል።»

«እኔን አስቀጥረኛ!»

አረንጓዴውንም በርሜል እንዲሁ ነው የገመገሙት። በካሊፎርኒያ ሕግ ከ2022 ጀምሮ የምግብ ትራፊ ከሌላው ቆሻሻ ተለይቶ ይጣላል፤ ይሄን እንደ ሥልጣኔ አድርጌ ሳብራራላቸው በትዕግሥት ሰሙኝና «አተላ ነው የምትለኝ» አሉ። «ይህን ሁሉ አተላ በመኪና ከሚያግዙት አንዲት ላም ቢያስሩ አይሻልም?» እኔ ልከራከር አልሞከርኩም። ከዚያ በኋላ ትራፊ ራሱ ጠፋ። የትናንቱ እንጀራ ፍርፍር ይሆናል፣ የፍርፍሩ ትራፊ ቁርስ ይሆናል፣ በርሜሉ ባዶውን ወጥቶ ባዶውን ይገባል። አጥር ሥር ጎመንና ጤና አዳም ተክለዋል፤ አከራያችን መጥቶ ሊቆጣ ሲል ጎመን አስይዘው ሸኙት።

ጾሙንስ? ከዓመቱ ከግማሽ በላይ ሥጋም ወተትም አይነኩም። ይህን የሰሙ የሥራ ባልደረቦቼ እማማን ሊቅ አድርገዋቸዋል። በነገራችን ላይ ለምድር አዝኖ ሥጋ የተወ የዚህ አገር ሰው የእኛን የጾም በያይነቱ እጅግ ይወዳል። አርባ ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ ቤት በምታህል መኪና ብቻውን መጥቶ፣ ምስርና ጎመኑን በልቶ፣ ምድርን አድኖ ይመለሳል። የሚያናድደው የሚጠይቀኝ ጥያቄ ነው፦ «የት ላቁም?» ያለ ዩኒፎርም ሳልፍ እንኳ በምን እንደሚያውቁኝ እንጃ።

እሑድ ግን እኔም እጄን እሰጣለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን በአውቶቡስ ቢታሰብ ቅዳሴው ሊወጣ ሲል ነው የምንደርሰው። ባለቤቴ ትነዳለች፣ እማማ ከፊት፣ እኔ ከልጆቹ ጋር ከኋላ። አምስት ስለሆንን ከአንድ በላይ ሰው ለጫነ መኪና በተለየው የካርፑል መስመር እንበርራለን፤ በቀኛችን እያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ቆሟል። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ያያሉ። «ምነው፣ ሁሉም ተጣልቷል እንዴ?» ይላሉ።

ስሜ ቀስ በቀስ ተጠገነ። በዚህ ክረምት አንድ ወዳጃችን ልጁን ሲድር የሰርግ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የመጠጥ፣ የአዳራሽ፣ የእንግዳ አቀባበል ተደለደለ። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሼ ተነሥተው «መኪና ማቆሚያውን ለእሱ ስጡት። ሙያው ነው። መኪና ስለሌለውም አያዳላም» አሉ።

አዳራሹ 80 መኪና ያስቆማል፤ የተጠራው ሰው 400 ነው። ሒሳቡን በወረቀት አስቀመጥኩላቸው፤ በአንድ መኪና አምስት ሰው ከመጣ ልክክ ይላል። እንዲህ ያለ ጭብጨባ በሕይወቴ አልሰማሁም። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፣ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ፣ በቴሌግራም ተበተነ። «በማን መኪና?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

የሰርጉ ዕለት ቢጫ ሰደርያዬን ለብሼ በሩ ላይ ቆምኩ። የመጀመሪያው መኪና መጣ፤ አንድ ሰው። ሁለተኛው፤ አንድ ሰው። ሦስተኛውን አስቆምኩና «ሌሎቹስ?» አልኩት። «እኔስ ሰው ልጭን ብዬ ነበር የወጣሁት» አለኝ፣ «የደወልኩለት ሁሉ እሱም ሰው ሊጭን ወጥቷል።» ሁሉም ውሳኔውን አክብሮ፣ ሌላውን ሊያሳፍር ባዶ መኪናውን ይዞ መጥቷል። ሰማንያው ቦታ ሙሽሮቹ ሳይደርሱ ሞላ። ሊሞዚኑ አካባቢውን ደጋግሞ ዞረና ጠርዙ ቀይ በተቀባ መንገድ ዳር ቆመ፤ የተለጠፈበትን ቅጣት ኮሚቴው ይክፈል ወይስ የሙሽራው ወገን የሚለው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።