ፈጣን ጀልባን ለማበላሸት የሚበቃ ምክር

አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዳሉት፣ በችኮላ የተሰናዳ ጀልባ ጉድለቱን የሚገልጠው በሩጫው መካከል ነውና፣ በጉለሌ ተቀምጦ ብርቱ ሞተር ከኋላው የተሰቀለበት ፈጣን ጀልባ ገዝቶ ወደ ጣና ለመውረድ የሚሰናዳ፣ ነገር ግን ገንዘቡንም ተሳፋሪውንም ለጥፋት አሳልፎ ሊሰጥ የቆረጠ ሰው ቢኖር፣ የጥፋቱን መንገድ በየተራው አመለክተዋለሁ፤ ጥፋትን አስቀድሞ በግልጥ ያየ ሰው ከጥፋት ይርቅ ዘንድ ተስፋ አለኝና።

አንደኛ፣ ሞተሩን እዚሁ ጉለሌ፣ ውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ አስነሣና ድምፁ ሲያምርህ ሥራው ሁሉ ተፈጸመ በል። የጉለሌው ሽሮ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ፣ ጣና ግን ወደ 1,800 ሜትር ገደማ መሆኑን ከቶ አታስብ። ለጉለሌ ስስ አየር ተብሎ ቤንዚኑ የተቀነሰለት ባለ ካርቡሬተር ሞተር ወደ ጣና ወፍራም አየር ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ቤንዚን ያነሰውም ሞተር ከልክ በላይ ይግላል፣ በሙሉ ኃይል ሲነዳም ፒስተኑ እስከ መቅለጥ ይደርሳል። የበርሜል ውሃም ከፕሮፔለሩ ጋር አብሮ ይሽከረከራል እንጂ የጀልባና የሰው ሸክም ስለሌለበት፣ ስለ ሞተሩ ጉልበት እውነተኛ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛ፣ በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው የተመረጠውን ፕሮፔለር ሳትለውጥ ተወው። በጣና ከፍታ ሞተሩ ከጉልበቱ ከስድስት እጅ አንዱን ያህል ስለሚያጣ፣ በአንድ ዙር ብዙ ርቀት እንዲገፋ የተቀረጸው ፕሮፔለር ይከብደዋል፤ አምራቹም በሙሉ ነዳጅ በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ይድረስ ያለው ሞተር ከዚያ በታች ታንቆ ይቀራል። መድኃኒቱ ፒቹ፣ ማለት በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት፣ ያነሰ ፕሮፔለር ነበረ፤ ፒቹ በአንድ ኢንች ሲቀንስ ዙሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ያህል ይጨምራልና። አንተ ግን የዙር መቁጠሪያውን ሳትመለከት ሞተሩን ውቀስ።

ሦስተኛ፣ ነዳጁንም፣ ባትሪውንም፣ ተሳፋሪውንም ሁሉ ወደ ኋላ ከምር፤ ሞተሩንም ወደ ውጭ አብዝተህ አዘንብለው። ያን ጊዜ ጀልባው የእንጦጦ ዳገት ላይ የእንጨት ጭነቷ ወደ ኋላ እንደ ተንሸራተተባት አህያ ፊቱ ይቀልለዋል፤ አፍንጫው ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ዳግመኛም ይነሣል፤ የተሳፋሪውም ወገብ በየውድቀቱ ይቀጣል። ክብደቱን ወደ ፊት ማዛወር፣ ሞተሩንም ጥቂት ወደ ውስጥ መመለስ ይበቃ ነበር።

አራተኛ፣ ፍጥነት ይጨምራል ብለህ ሞተሩን ያለ ልክ ከፍ አድርገህ ስቀለው። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ዝርግ ሳህን መጀመሪያ ከጀልባው ሆድ ጋር ትክክል ሆኖ፣ ከዚያ ወዲያ በጥቂት በጥቂቱ እየተፈተነ ሊነሣ ይገባዋልና፣ ይህን ሥርዓት የናቀ ሰው በመታጠፊያ ላይ ፕሮፔለሩ አየር ይይዝበታል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው ግን አይሄድም። ከሞተሩ ኋላ የሚወነጨፈውንም ቀጭን ውሃ አትመልከት፤ ሞተሩ ከፍ ብሎ ወይም እንቦጭ የውሃ መግቢያውን ደፍኖት ያ ውሃ ሲቋረጥ፣ ማቀዝቀዣ ያጣው ሞተር ራሱን ያቃጥላል።

አምስተኛ፣ የመሪው ገመድ ልል ሆኖ ጀልባው በሩጫ ጊዜ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መናጥ ሲጀምር ነዳጅ ጨምር፤ የሞተር ማጥፊያውንም ገመድ ከራስህ ጋር አትሰር፤ የመንሳፈፊያውን ሰደርያ ከመቀመጫ በታች ሸሽገው። እንዲህ የተናጠ ጀልባ ነጂውን ወርውሮ ብቻውን ሲዞር፣ ፕሮፔለሩ የወደቀውን ሰው ፈልጎ እንደሚመለስ ባለሙያዎች ሁሉ ያውቃሉ።

ከሁሉም የሚከፋው የመጨረሻው ምክር ይህ ነው፦ ፕሮፔለሩን፣ ከፍታውንና ክብደቱን በአንድ ጠዋት ሁሉንም ለውጥ። እንዲህ ያደረገ ሰው ያዳነውንም ያጠፋውንም ሳይለይ፣ በመጣበት ድንግዝግዝ ይመለሳል። ጥበብን የሚወድ ግን አንድ ነገር ብቻ ለውጦ፣ በዚያው ጭነት፣ በነፋሱ አቅጣጫና በተቃራኒው ነድቶ፣ ዙሩንና ፍጥነቱን በደብተር ይጽፋል፤ ሁለተኛውን የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ያህል የምደክመው ስለ ብረት አይደለም። በጣና ላይ ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚሻገር ምእመን አለ፤ በደንገል ታንኳ ዓሣ የሚያጠምድም ድኻ አለ፤ ነጂው ያላስተካከለው ጀልባ ሞገድ በእርሱ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ወዳጄ ሆይ፣ ጀልባህን ለመፈተን ቀናት ቢፈጁብህ አይቆጭህ፤ በውሃ ላይ የሚጓዝ ሁሉ ነፍሱን በነጂው እጅ አደራ ሰጥቶአልና፣ አደራህን ጠብቅ።