ድርሳነ ፎቶ ዘካዛንቺስ

የቀደሙ ሊቃውንት ስለ ባሕረ ሐሳብ፣ ስለ መላእክት ነገድና ስለ ቅኔ ስልት ጽፈው ጠግበዋል። ካዛንቺስ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ደላላ አፕሎድ ያደረገውን የኪራይ ቤት ፎቶ ሰርቨር ላይ ስለሚያኖር ፕሮግራመር ግን አንድ ገጽ የደረሰ የለም። ይህን ጉድለት አይተን ብናልፍ መጪው ትውልድ ይፈርድብናልና በአንድምታው ወግ ንባቡን አስቀድመን ትርጓሜውን እናስከትላለን።

ንባብ። ፎቶውን ተቀበል፤ ስለ ራሱ የሚናገረውን አትመን።

ትርጓሜ። ስሙን አትመን ሲል ነው። ከኡራኤል እስከ ባምቢስ ሲመላለስ የሚውል ደላላ ስልኩ ለፎቶው «አይኤምጂ 0001» የሚል ስም ይሰጠዋል። የባልንጀራውም ስልክ እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱ በአንድ ፎልደር ቢገናኙ ኋለኛው የፊተኛውን ቦታ ይወርሳል፤ ቪላ ብሎ የከፈተ ተከራይም የሰርቪስ ቤት ሽንት ቤት ይታየዋል። በአማርኛ ቢሰይመውስ ቢሉ፦ አንዱ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ «ካዛንቺስ» ብቻውን 15 ባይት ነው። ሊኑክስ ለአንድ ፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ሲሆን ከዚያ ላይ ለቅጥያው ከነነጥቡ አራቱ ቢነሣ 83 ፊደል ይቀራል። «ውሃ የማይጠፋበት፣ ለአስፋልት ቅርብ፣ ለመኖሪያም ለቢሮም የሚሆን» እያለ የሚጀምር ደላላ በ83 ፊደል ትንፋሹን እንኳ አይሰበስብም። ደግሞም «ሠፊ ሳሎን» እና «ሰፊ ሳሎን» ለተከራይ አንድ ክፍል፣ ለሰርቨር ሁለት ፋይል ናቸው። ስለዚህ የዓለም ስሙ በዳታቤዝ ተመዝግቦ ይቀመጥ፤ ፋይሉ ግን ሰርቨሩ በዕጣ ባወጣለት የ128 ቢት የክርስትና ስም ይጠራ።

አንድም ዓይነቱን አትመን ሲል ነው። ጄፒጂ ነኝ ያለ ሁሉ ጄፒጂ አይደለም። እውነተኛው ጄፔግ በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ኤፍኤፍ፣ ዲ8፣ ኤፍኤፍ ብሎ ይጀምራል። ይህንንም አስመስሎ የሚመጣ ስላለ ሰርቨሩ ፎቶውን ፈትቶ እንደገና ይጽፈዋል። ኤስቪጂ የተባለውማ በሆዱ ጃቫስክሪፕት ይዞ ይገባል፤ ለቤት ማስታወቂያ ምን ይሠራል? በሩ ላይ ይመለስ።

አንድም ክብደቱን አትመን። 4000 በ3000 ፒክስል የሆነ ፎቶ ዲስክ ላይ 3 ሜጋባይት ቢመስልም፣ ሲፈታ በፒክስል 4 ባይት እየበላ 48 ሚሊዮን ባይት ሜሞሪ ይይዛል።

አንድም ዝምታውን አትመን፤ ይህ ከሁሉ ይጠልቃል። ደላላው አድራሻ የማይጽፈው አከራይና ተከራይ ከጀርባው ተገናኝተው ኮሚሽኑን እንዳያስቀሩበት ነው። የስልኩ ጂፒኤስ ለካሜራው ከተፈቀደ ግን ኤግዚፍ የተባለው ስውር ማስታወሻ የቤቱን ኬክሮስና ኬንትሮስ ከፎቶው ጋር ጠቅልሎ ያስገባል። ደላላው በአንደበቱ የደበቀውን በእጁ አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። ሞኝነት እንዳይመስለን፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ከቤሊዝ ፖሊስ ተሰውሮ የነበረው፣ በጸረ-ቫይረስ ሶፍትዌር የከበረው ጆን ማካፊ ጓቲማላ መግባቱ የታወቀው ቫይስ መጽሔት ባወጣው ፎቶ ላይ ይኸው ማስታወሻ ሳይሰረዝ በመቅረቱ ነበር። እንግዲያስ ኤግዚፍ ይጥፋ። ግን አስቀድሞ ከ1 እስከ 8 የተቆጠረው የአቀማመጥ ምልክት ይነበብና ፎቶው ይዙር፤ ይህን ያልጠበቀ ፕሮግራመር ባለ ሦስት መኝታውን ቤት በጎኑ አስተኝቶ ያከራያል።

ንባብ። ዋናውን ሰውር፤ ቅጂውን አሳይ።

ትርጓሜ። ይህን የድሮ ፎቶ ቤቶች ቀድመውን አውቀውታል፦ ነጋቲቩ እነሱ ዘንድ ይቀራል፤ ለደንበኛው ጉርድም ፖስታ ካርድም እንዳዘዘው ይታጠብለታል። ፌስቡክም ሄይስታክ ስለተባለው የፎቶ ማከማቻው በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት እያንዳንዱን ፎቶ በአራት መጠን እንደሚያኖር፣ ድምሩም ከ260 ቢሊዮን ምስልና ከ20 ፔታባይት እንዳለፈ ጽፏል። ከዚህ ማከማቻ በፊት በሺህ የሚቆጠር ፋይል በአንድ ፎልደር ሲታጨቅ አንዲት ፎቶ ለማንበብ ዲስኩ ከአሥር ጊዜ በላይ ይመላለስ ነበር።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ ተነሥቶ «በአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትሩ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ቅጂ፣ በፀሐይ ብቻ ሲታይ አልኖረምን?» ይለናል። እውነት ነው፤ ግን ተመልካቹ ራሱ ወደ ሥዕሉ ይሄዳል። የእኛው ተከራይ ታክሲ ውስጥ ሆኖ በፓኬጅ የሃያ ቤት ዝርዝር ይከፍታል። ዋናዎቹ ቢላኩለት 60 ሜጋባይት፣ ባለ 30 ኪሎባይት ቅጂዎች ቢላኩለት 600 ኪሎባይት ነው። ሒሳቡን የሚከፍለው እርሱ ነውና ክርክሩ እዚህ ያበቃል።

ፎቶው ዳታቤዝ ውስጥ ይግባ የሚሉ ወገኖችም አሉ። ባክአፕ በሚወስዱበት ሌሊት ሐሳባቸውን ይለውጣሉ፤ ዳታቤዙ መንገዱን ብቻ ይያዝ።

የሚቀረው ካሽ ነው። ብራውዘሩ ቅጂውን ለዓመት ያቆይ ሲባል 31,536,000 ሰከንድ ተብሎ ይጻፋል። ፈረንጆች ያላስተዋሉት፣ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ስለምትሆን ይህ ቁጥር 86,400 ሰከንድ ይጎድለዋል። ዳሩ ግን መከራው ከማጠሩ ሳይሆን ከመርዘሙ መጣ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ቤቱ በአንድ ቀን ሄደ፣ ፎቶው ቀረ። ፕሮግራመሩ የዳታቤዙን መስመር ሰርዞ ዋናውን ረሳ፤ ዋናውን የሰረዘው ቅጂዎቹን፣ ቅጂዎቹን የሰረዘው ደግሞ ለተመልካች በሚቀርቡ ሰርቨሮች፣ በሲዲኤን፣ ላይ የተቀመጡትን ረሳ። ሳሎኑ፣ በግድግዳው ላይም የአከራዮቹ የሠርግ ፎቶ፣ ሊንኩን ለያዘ ሁሉ እስካሁን ይከፈታል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ባለቤቶቹ ይጥፋልን ቢሉ መልሱ «ከእኔ ጋር የለም» ሊሆን አይችልም።

ተከራይ ያንን ሳሎን አይቶ ቢደውልስ ቢሉ፦ ደላላው ስልኩን በአንድ ጥሪ ያነሣል፤ «እሱ እንኳን ትናንት ተያዘ፤ ሌላ ግን አለኝ» ይላል።