ከሹሜሲ ወዲህ ያለ ሙዚቃ

የሀገሬን ሙዚቃ እስከ ዘጠነኛው ዘፈን ድረስ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አትጠይቁኝ፤ ሹሜሲ በልቶብኛል።

ጅዳ የኖረ ሰው ይህን ሲያነብ ራሱን ይነቀንቃል፤ ላልኖረው ላስረዳ። ጅዳና መካ ቢራራቁ 80 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሥራዬ ደግሞ ከሁለቱ በአንዱ አያስቀምጠኝም፤ ጠዋት ወደ መካ፣ ማታ ወደ ጅዳ ያመላልሰኛል። የምመላለሰው በሐጂ ካምሪ ነው። ሐጂ የምንላቸው ለማክበር ያህል ብቻ አይደለም፤ እኛ ለአንዱ ስንጨነቅ እሳቸው ስንት ጊዜ ሐጅ እንዳደረጉ ራሳቸውም ረስተውታል። የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ኢቃማቸው (የመኖሪያ ፈቃዳቸው) ላይ ሙያቸው ሹፌር ይላል፤ ሞይው እኔ ብሆን ኖሮ የሙዚቃ ሐያሲ ብዬ እሞላው ነበር።

ሐጂ ሁለት ሕግ አላቸው። አንደኛው፣ አልበም ከመጀመሪያው ዘፈን ተነሥቶ በተራ ይሰማል፤ መዝለል ነውር ነው። «ዘፋኙ አስቦበት ነው የደረደረው፤ አንተ ማን ነህና ትዘላለህ?» ይሉኛል። ሁለተኛው፣ ሹሜሲ ኬላ ስንደርስ ሙዚቃ ይጠፋል፤ ወዲያ ማዶ የሐረም ክልል ነው። ኢሕራም የለበሰ ተሳፋሪ ካለማ ከመነሻው ዝምታ ነው። ሁለቱም ሕጎች ለየብቻቸው ሲታዩ የጨዋ ሰው ሕጎች ናቸው፤ ቅር አይለኝም። ጉዱ የሚመጣው ሲገናኙ ነው። ሐጂ ሙዚቃውን ሲያጠፉ ፍላሹንም ይነቅሉና መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። ማታ ስንመለስ፣ ሹሜሲን አልፈን ፍላሹ ሲሰካ፣ ማጫወቻው የጠዋቱን ነገር አያስታውስም፤ ከአንድ ይጀምራል።

«ሐጂ፣ ዘጠነኛው ላይ ነበርን እኮ።»

«እሱ ጠዋት ነበር» ይላሉ።

ባሕራን አልፈን፣ በመኪና ተጨናንቀን፣ ኪሎ 14 ስንደርስ ዘጠነኛው ዘፈን ገና ጉሮሮውን ሲጠራርግ እኔ መውረጃዬ ደርሷል።

ቤትህ ገብተህ ለምን አትሰማውም የሚል አይጠፋም። ይህን የሚል ሰው ጅዳ ውስጥ በደባልነት ኖሮ አያውቅም። አንዱ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ተኝቷል፣ አንዱ ይሰግዳል፣ አንዱ በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ ከፍቶ ከተዋናዮቹ እኩል ያለቅሳል። በጆሮ ማዳመጫ እንዳልሰማ ደግሞ እሱ ሌላ ነገር ነው፤ እኔ ሙዚቃ የለመድኩት ከጎኔ ሹፌር ተቀምጦ «እህ» እያለ ነው።

የሚያበሳጭ ነገር ብዙ ሲቆይ ሰውን ተመራማሪ ያደርገዋል። እኔም መረመርኩ። የደረስኩበት ይኸው ነው፤ ከጅዳ እስከ ሹሜሲ ያለው መንገድ ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ይህ ደግሞ ለኤልፒ ሸክላ የተለካ መንገድ ነው። ሁለቱ ፊቶቹ ተደምረው 40 ደቂቃ ቢሆኑ ነው። ሐጂ ማህሙድ አህመድን ሲጭኑ ሰላም ነው። «ኧረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1975፣ አሊ ታንጎ እያልን በምናውቃቸው በአሊ አብደላ ካይፋ አሳታሚነት ወጣ፤ አንድ ፈረንሳዊ ሰምቶት እብድ ሆነና አዲስ አበባ ድረስ መጣ፤ «ኢትዮፒክስ» የሚባለው ተከታታይ የተወለደው ከዚያ እብደት ነው። እኔን የሚመለከተኝ ግን ማህሙድ ኬላ የሚያስቸግር ዘፋኝ አለመሆኑ ነው። ዘፍኖ፣ አልቅሶ፣ ጨርሶ ባሕራ ላይ ይወርዳል።

ከእሱ በፊት የነበሩትማ የባሰ ጨዋ ነበሩ። አምሐ እሸቴ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ በተሰጠበት ዘመን፣ የመጣው ይምጣ ብሎ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 መቶ ሦስት ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎች አወጣ። አንዱ ሸክላ ከኪሎ 14 መውጫ እንኳ አያደርስም። ከዚያ ካሴት መጣና አልበሙ ወደ አንድ ሰዓት ተለጠጠ። ከዚያ ሲዲ መጣ፤ 74 ደቂቃ! ይህን ያህል የሚጫወት ነገር የሠራ ሰው ሐረም በር ድረስ ነው ያሰበው። ቴዲ አፍሮ በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» የሚለውን አልበሙን ሲያወጣ ከደርዘን በላይ ዘፈን ጫነበት፤ አልበሙ በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሠንጠረዥ አንደኛ ወጣ። በሐጂ ካምሪ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም። ሰው ስለ መጨረሻዎቹ ዘፈኖች ሲያወራ እኔ የሰማሁ መስዬ ራሴን እወዘውዛለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ጥርጣሬ አለኝ። ሻጭ የሚያዋጣውን ዘፈን ከፊት ያስደረድራል፤ ደንበኛው ሱቅ ቆሞ የሚሰማው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ነውና። ስለዚህ ዘፋኙ ከልቡ የሚወደው፣ አሳታሚው ግን «ይቅርብህ» ያለው ዘፈን ወደ ኋላ ይገፋል። የሰው ልብ ያለው ከዘጠነኛው ዘፈን በኋላ ነው። ማስረጃ አቅርብ ብትሉኝ፣ ሰምቼው ባውቅ ኖሮ አቀርብ ነበር።

ሰሞኑን የምንሰማው ኃይሉ መርጊያን ነው። ሐጂ መጀመሪያ አልወደዱትም፤ «ዘፋኙ የት ሄደ?» አሉ። የዋሊያስ ባንድ ሰው ነው፤ ባንዱ ወደ አሜሪካ የሄደ ጊዜ እዚያው ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ አንድ ካሴት ሠራና ከዚያ ዝም አለ። ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር አግኝቶት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። በመካከሉ ባለው ዘመን ሰውዬው ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነድቷል፤ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ጭኖ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። ይህን ስነግራቸው ሐጂ መሪውን በአንድ እጃቸው ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። «ሹፌር?» አሉ። «ሹፌር» አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰውዬው የመጣ በእሳቸው መጣ።

የመጣው ደግሞ አንድ ማለዳ ከኋላ ወንበር ነው። ደርስ የሚቀራ፣ ጠይም፣ ትሑት የሚመስል ልጅ።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ከሁሉም የባሰ ነው።»

«ምኑ? ሰውዬው እኮ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣውም!»

«እሱ ነው ችግሩ። ዑለማዎቹ ያከበዱት መሣሪያውን ነው። ድምፅ ብቻውን ቢሆን ይሻል ነበር፤ ይሄ ግን መሣሪያ ብቻ ነው።»

ሐጂ ይህን ማሰብ አቃታቸው። ዕድሜ ልካቸውን ኃጢአቱ ያለው ግጥሙ ላይ፣ ዓይኗ ጥርሷ የሚለው ላይ ይመስላቸው ነበር። አሁን ስለ ማንም ዓይን ያላነሣ፣ ማንንም ያልሰደበ፣ ዝም ብሎ የሚነፋ የሙያ ጓዳቸው ከሁሉ የከፋ ሆኖ ተገኘ። ነገሩን ለማብረድ መንዙማ ልጫን አሉ፤ መንዙማ ድቤና ጭብጨባ እንጂ ሌላ ምን አለው? ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሱ ደግሞ ቢድዓ ነው የሚሉ አሉ» አለ። ለወሎ ሰው! ከጀማ ንጉሥ እስከ ዳና ያሉት ሸሆች መንዙማ ሲያወርዱበት የኖሩበት አገር ተወልዶ ላደገ ሰው! ሐጂ ሳያስቡት ፍጥነት ጨመሩ።

አንዱ ከጥግ በኩል «ድሮስ መካ ውስጥ ሙዚቃ ተሰምቶ ያውቃል?» ብሎ ባይጨምር ኖሮ እኔ አፌን አልከፍትም ነበር። ከፈትኩ። ስኑክ ሁርግሮንየ የሚባል ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1885 መካ ተቀምጦ ያየውን ሁሉ ጽፎ ሄዷል። የመካ ሴቶች ዛር ያስወጡ እንደነበር፣ የሐበሻውም ዛር የራሱ ወግ እንደነበረው ጽፏል። ከአፍሪካ የመጡት ባሮች የሚመቱትን ጠንቡራ የሚባለውን ባለ አውታር መሣሪያም ጽፏል፤ ጠንቡራ ደግሞ የክራር የአጎት ልጅ ነው። ቀይ ባሕር ዳር እስከ ዛሬ የሚመታው ሲምሲሚያም እንደዚያው። ይህም አልበቃ፤ ከ1906 እስከ 1909 ባለው ጊዜ እዚሁ ጅዳ፣ በሆላንድ ቆንስላ በኩል፣ የሐጃዝ ዘፈን፣ ቁርኣን፣ ሙዚቃ በሰም ሲሊንደር ላይ ተቀርጿል፤ ሲሊንደሮቹ አሁን ላይደን አሉ። እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ዘፋኙ ሞቅ ማለት ሲጀምር ሰሙ ያልቃል። የሐጃዝ ሙዚቃ ገና ሲቀረጽ ጀምሮ የተቆረጠ ነው አልኳቸው። ይህን ስናገር ድምፄ ከአኮርዲዮኑ በላይ ወጥቶ ነበር መሰለኝ፤ ሐጂ ቀነስ አደረጉት፤ እኔን ሳይሆን አኮርዲዮኑን።

ልጁ «የካፊር ጽሑፍ ነው» አለ። እኔም «ሰሙ ግን ሃይማኖት የለውም» አልኩ። ጥግ ያለው ሰውዬ የማንን ወገን እንደያዘ ሳይገባን በሁለታችንም ላይ መጮህ ጀመረ። ሐጂ «ሹፌር ነው! ሹፌር ነው!» ይላሉ።

ሹሜሲ ደረስን።

ሐጂ አጠፉት። ሁላችንም ዝም አልን።

ቦታው ለሙስሊም ሁሉ የታወቀ ነው፤ ሑደይቢያ የሚባለው ይህ ነው። በ6ኛው ዓመተ ሒጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዑምራ ወጥተው እዚህ ታግደው፣ የሰላም ውል ተዋውለው፣ መካ ሳይገቡ ተመልሰዋል፤ በዓመቱ መጥተው ፈጽመዋል። የሐበሻ ሰው ግን ሹሜሲ ሲባል ሌላም ነገር ይታወሰዋል፤ ወደ ሀገሩ የሚባረር ሰው ታጉሮ አውሮፕላን የሚጠብቅበትን ግንብ። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከዚህ ሀገር ከ150 ሺህ በላይ ወገን ሲባረር ስሙ በየቤቱ ገብቷል። ወንድሙ፣ እህቱ ወይ የሰፈሩ ልጅ በዚያ ያላለፈበት ሰው ካምሪው ውስጥ አልነበረም።

እና ይህ መኪና፣ ስለ አኮርዲዮን ሐራምነት ጅማቱ እስኪገታተር ሲከራከር የመጣው ይህ መኪና፣ በዚያ በኩል ሲያልፍ አንዲት ቃል አልወጣውም። የመንዙማ ቢድዓነት አንገብግቦት የነበረው ልጅ ኪሱን ይዳብሳል፤ ኢቃማውን። ጥግ ያለውም ይዳብሳል። እኔም እዳብሳለሁ፤ ሕጋዊ መሆኔን እያወቅኩ እዳብሳለሁ። ዝም ያልነው ለሐረሙ ክብር ነው እንላለን። አላህ ያውቃል። ክብር ከሆነማ ድንበሩ እዚያ ማዶ፣ ረሐል ላይ የተዘረጋ ቁርኣን የሚመስለው ትልቁ በር ጋ ነበር፤ ኬላው ላይ ለምን ይጀምራል? ዘፈን ለመቁረጥ ፈጣኖች ነን፤ ከግንቡ ወዲያ ስላለው ሰው አንድ ዱዓ ጮክ ብሎ ለማድረግ ግን ምላሳችን ይታሰራል። ወታደሩ በመስኮት አየንና እጁን አወዛወዘ፤ እለፉ። አለፍን። ያን ጊዜ ልጁን ብናገረው ኖሮ ደግ ቃል አይወጣኝም ነበር፤ ራሴን ብናገረውም እንዲሁ።

ሐጂ ነገር ሲከብድ ተምር ያድላሉ። ፕላስቲክ ሣጥኗን ከወንበራቸው ሥር አወጡና ወደ ኋላ አቀበሉ። ልጁ «ጀዛከላህ» ብሎ ሁለት ወሰደ፣ አንዱን ለእኔ ሰጠኝ። ጣፋጭ ነገር ይዞ መኮሳተር ከባድ ነው።

ተምሩን እያላመጡ ሐጂ ስለ ጠላል መዳሕ አነሡ። እ.ኤ.አ. በ1940 መካ ተወልዶ፣ ሳዑዲዎች የምድር ድምፅ ብለው የጠሩት ዘፋኝ፣ ነሐሴ 2000 ላይ አብሃ ከተማ መድረክ ላይ ዑዱን እንደታቀፈ፣ ሰው በቴሌቪዥን እያየው ወድቆ ሞተ። «ዘፈኑን ሳይጨርስ» አሉ ሐጂ፣ መስተዋቱን አስተካክለው ልጁን እያዩ። ልጁ «አላህ ይዘንለት» አለ። እዚህ ላይ ሌላ ክርክር ሊነሣ ይችል ነበር፤ ግን ተምር አፋችን ውስጥ ነበር።

በሚቀጥለው ጊዜ ልጁ አልነበረም፤ ዘፋኝ ግን አዲስ ነበር። የሐጂ ልጅ ከኮምቦልቻ በስልክ የላከችው ኖሮ፣ ፍላሹ ላይ የሮፍናን «ነጸብራቅ» ተጭኗል። በ2010 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ ወጣቶቹ ያኔ ጉድ ብለውለታል፤ ለሐጂ ትኩስ ነው። ማሽኑ ይንጎራጎራል፣ ይሰነጠቃል፣ ከሩቅ የሀገር ቤት ድምፅ ብቅ ይልና መልሶ ይሰምጣል። እኔ ተመስጫለሁ። ሐጂ መሪውን ይዘው በትዕግሥት ይጠብቃሉ። ኪሎ 14ን ወጣን። ባሕራ ደረስን።

«ይሄ ልጅ» አሉኝ በመጨረሻ «መሣሪያውን ቃኝቶ የሚጨርሰው መቼ ነው?»

«ዘፈኑ እኮ ይሄው ነው ሐጂ።»

«ተው እንጂ» አሉና ድምፁን ከፍ አደረጉት፤ ሲጀምር እንዳያመልጣቸው።