የእህቴን ልጅ ላሳክም ሄጄ

መቼም ወዳጄ፣ የቆላ ጥቅምት ሰውን እንዴት እንደሚያዋክብ ታውቃለህ። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም፤ ደርሶ ጥቂት ቀን ካለፈው ፍሬው መሬት ላይ ይራገፋል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ከሸኸዲ እስከ ሽንፋ፣ ከመተማ ዮሐንስ እስከ ቋራ፣ የሰው ሁሉ ወሬ አጨዳ ነው። የእህቴ ልጅ ያተኮሰው በዚህ መሀል ነው። ከደምቢያ ለአጨዳ ሲወርድ እናቱ «አደራ» ብላ ለእኔ ነው የሰጠችው። ልጁ ማታ ሲንቀጠቀጥ አድሮ ጠዋት ማጭዱን ያነሳል። «ዛሬስ አይሆንም» አልኩና በጠዋት ጤና ጣቢያ ይዤው ሄድኩ። ሐሳቤ አሳክሜው ከሰዓት በኋላ ማሳ ልንመለስ ነበር።

ስለ ራሴ ገላ ግን ልንገርህ። ሐምሌ ላይ የጀመረኝ ትኩሳት አንዴ እየሄደ አንዴ እየመጣ ከርሟል። ቆላ ላይ ትኩሳት ሁሉ ስሙ ወባ ነው፤ እኔም የወባ ክኒን እየዋጥኩ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሱሪዬ ሲሰፋኝ ቀበቶዬን በጋለ ሚስማር በሳሁት፤ ደግሞ ሲሰፋኝ ደግሜ በሳሁት። ከግራ ጎድኔ ሥር የሆነ ጠንካራ ነገር ሲቆረቁረኝ በቀኝ ጎኔ መተኛት ለመድኩ። ባለቤቴ «ኧረ ታከም» ስትለኝ «ሰሊጡ ይግባና» እላታለሁ፤ ከሰሊጡ በፊትም «አረሙ ይለቅና» ብያታለሁ። ነገር ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት እውነት ነው፤ ሰው ሲከሳም እንደዚያው ቀስ እያለ ነው።

ደግሞ የአገሩም ወግ አለ። መተማ ዮሐንስ ስሟን የያዘችው ከዐፄ ዮሐንስ ነው፤ መጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁት እዚሁ ነው። በዚህ ምድር ያደገ ወንድ «አመመኝ» ማለት ከግንባር እንደ መሸሽ ይመስለዋል። ንጉሡ ግን የወደቁት ጠላታቸውን ፊት ለፊት ገጥመው ነው። እኔ ከበሽታዬ ጋር ፊት ለፊት ተያይቼ አላውቅም ነበር።

ወደ ጤና ጣቢያው ወረፋ ልመልስህ። ልጁ ደሙን ሰጠ፤ ወባ ነው ተባለ፤ መድኃኒቱን ተቀበለ። ልንወጣ ስንል ነርሷ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና «ጋሼ፣ እርስዎስ?» አለች። «እኔ አስታማሚ ነኝ» አልኳት። ልጁ ቀደመኝ፦ «ሲስተር፣ አጎቴ በግራ ጎናቸው ተኝተው አያውቁም። ቀበቷቸውንም እይው።» ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ቀበቶዬን አየ። አብሬያቸው የማጭድ ሳሉጎች፣ የእርሻ ሠራተኞቹ፣ ከአግዳሚው ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። ቀዳዳዎቹ አንዱ ካንዱ እየራቁ ተደርድረው ምስክር ሆኑብኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስል ማለት ይኸው ነው።

አልጋ ላይ አስተኝታ ሸሚዜን ገለበችና ከግራ ጎድኔ በታች ጫን አለች። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። «ይሄ ጣፊያ ነው፤ መቼ ነው ያበጠው?» ስትለኝ «ትናንት» ልል አፌን ከፍቼ የልጁን ዓይን አየሁና «ከርሟል» አልኳት። ከጣቴ ጫፍ ጠብታ ደም ወስደው በአርኬ 39 ፈጣን መመርመሪያ አዩት። ካላዛር ነው።

ይህ በሽታ በእኛ ቆላ አዲስ አይደለም። የምታመጣው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ከትንኝ ታንሳለች፤ ስትመጣም ድምፅ የላትም። ቀን ቀን በዋልካው መሬት ስንጥቅና በግራር ልጥ ውስጥ ተሸሽጋ ትውላለች፤ ማታ ትወጣለች። ሙቀቱን ሸሽተን ከግራር ሥር ሜዳ ላይ የምናድረው እኛ እንግዲህ ደጃፏ ላይ ነው የምንተኛው። ትኩሳቱ ወባ ይመስላል፤ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ ያብጣል። ካልታከመ ከመቶ ታማሚ ከ95 በላይ የሚሆነውን ይገድላል። የተለመደው ሕክምና ሁለት ዓይነት መርፌ በየቀኑ ለ17 ቀን መወጋት ነው። ካላዛር አንዱ ዓይነት የሆነው የሊሽማንያ በሽታ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ያለው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው፤ በሽታው እዚያ ድረስ ብዙ የቆላ ሰው ይወስዳል።

ነርሷ ቀጥላ «ኤች አይ ቪም እንመረምርዎታለን» አለችኝ። በእውነት ከጣፊያዬ ይልቅ የሸሸሁት ይህን ነው። ከቤት ርቆ የከረመ ሰው የሚፈራውን እፈራ ነበር፤ ባለቤቴም ጠይቃኝ ታውቃለች፤ በዝምታ አልፌዋለሁ። ነርሷ አልገሠጸችኝም። ሁለቱ በሽታዎች አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ካላዛሩ ቶሎ ቶሎ ያገረሻል፤ መድኃኒቱም ይለያል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ሳያውቅ ማከም አይችልም። «የትኛውም ቢወጣ ሕክምና አለው» አለችኝ። እጄን ዘረጋሁ። ነፃ ነህ አሉኝ፤ ውጤቱ ሌላ ቢሆንም ግን ማወቁ ይሻለኝ እንደነበር የገባኝ እዚያ ወንበር ላይ ነው።

ማታ ለባለቤቴ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ የፈራሁትንም ጭምር። ዝም ብላ ሰማችኝና «አሁን ተኛ፤ ሰሊጡን ወንድሜ ያስገባዋል» አለች። ያ ሁሉ «ያለ እኔ አይሆንም» ያልኩት ሥራ በሰው እጅ ገባ።

ሕክምናዬን ጨርሻለሁ፤ አሁን ማሳ ስወርድ አጎበሬ ከማጭዴ ጋር ይሄዳል፤ ለእህቴ ልጅም ገዝቼለታለሁ። ከሳሉጎቹ አንዱ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው ወረፋ ድረስ እኔ ነኝ የማደርሰው። አንዳንዱ ይቆጣል፤ «ሥራ ልታስፈታኝ ነው» ይለኛል። ይበለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እኔም ሰው ገልጦ ባያየኝ ኖሮ እስከ መጨረሻው በደበቅኩት ነበር። አንተም ወዳጄ፣ «ሰሊጡ ይግባና» የምትለው ነገር ካለህ፣ ሰሊጡ ማሳ ላይ እያለ ሂድ።