ቢሉህ በላቸው፦ ለአዲሱ የከብት ሐኪም

እንኳን ደስ ያለህ ዶክተር! ቢሾፍቱም ይሁን ጎንደር ስድስት ዓመት ከርመህ፣ ጋዋን ለብሰህ፣ ፎቶ ተነሥተህ ወጣህ። አሁን ወረዳ ትገባለህ። እዚያ መጀመሪያ የሚመረመረው ከብቱ ሳይሆን አንተ ነህ፤ መመርመሪያውም ምላስ ነው። እናም መልስ ቋጥረህ ሂድ። መልስ የሌለው ተረብ ሲገጥምህ ግን ዋጥ አድርገህ ተማርበት።

«የሰው ሐኪም መሆን አቅቶህ ነው?» ቢሉህ፣ «የሰው ሐኪም አንድ ዓይነት ፍጡር ያያል፤ እሱም የት ጋ እንደሚያመው ተናግሮ ነው። እኔ ከዶሮ እስከ ግመል አያለሁ፤ አንዱም አይነግረኝ፣ ገሚሱ ይረግጠኛል» በላቸው።

«አያቴ ፊደል ሳይቆጥሩ ከብት ያክሙ ነበር» ቢሉህ፣ «ነፍሳቸውን ይማር። በክፉ ቀን የከብት ደስታ በሬውን ጠራርጎ አገሩን ሲያስርብ ግን የሁላችንም አያቶች እጃቸውን አጣጥፈው ነው ያዩት። ያ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ጠፋ ተብሎ የታወጀው ክትባት በረት ለበረት ስለዞረ ነው» በላቸው። ይህን ካልክ በኋላ ታዲያ አትንጠባረር። የልጅ ልጃቸው «ከትናንት ወዲያ ጀምራ አታመነዥክም» ካለህ የምርመራህን ግማሽ በነጻ ሠርቶልሃል።

የክሊኒኩ ቴክኒሻን «ዶክተር፣ ትኩሳቱን አገኘኸው፤ ቴርሞሜትሩንስ?» ቢልህ መልስ የለህም። ላሚቱ ጭራዋን ቀና አድርጋ እበቷን ስትጥል መሣሪያህም አብሮ ወርዷል። እሱ ዕድሜ ልኩን ክር አስሮበት፣ የክሩን ጫፍ በመቆንጠጫ ከጭራዋ ፀጉር ጋር አያይዞ ነው የሚለካው። ክሩን ለምነው። እግረ መንገድህን ሌላም ታተርፋለህ፦ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ተነድታ የመጣች ላም 39.5 ስላሳየች ብቻ ታማለች አይባልም፤ ጥላ ሥር አሳርፈህ ትደግማለህ። የመጽሐፉ ጤነኛ ላም ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ናት፤ እሷ ግን ዳገት ወጥታ አታውቅም።

«ያከምካት በግ ሞተችብኝ» ቢሉህ፣ መጀመሪያ አዝነህ ጠይቅ። ሦስት ቀን ከገበያ የተገዛ እንክብል በግምት ሲያውጧት ከርመው በአራተኛው ጀምበር ስትጠልቅ ተሸክመው አምጥተዋት ከሆነ፣ «አባቴ፣ የጠሩኝ ለሕክምና ነው ወይስ ለምስክርነት?» በላቸው። በሚቀጥለው በመጀመሪያው ቀን ይመጣሉ።

ማታ ደህና የነበረ በሬ ጠዋት ተነፍቶ ሞቶ ተገኘ፤ ካፍንጫው የማይረጋ ጥቁር ደም ይወርዳል። መንደሩ ቢላውን ስሎ ይጠብቅሃል። «ቅደደውና ምን እንደገደለው አሳየን፤ ፈራህ እንዴ?» ቢሉህ፣ «አዎ፣ ፈራሁ! አባ ሰንጋ ይመስላል፤ ለመፍራትም ስድስት ዓመት ተምሬያለሁ» በላቸው። ሳይገፈፍ፣ ሳይበለት፣ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ሬሳው ከተከፈተ ጀርሙ አየር አግኝቶ ይጠነክርና አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። የዛሬው ጥብስ የልጆቻቸውን በሬ እንዳይበላ ነው ፍርሃትህ።

እማማ ግን ኦክሲቴትራሳይክሊኑን ወግተህ ሻንጣህን ስትዘጋ፣ «ልጄ፣ ወተቱን ለማን ልስጠው? ለሕፃኑ ወይስ ለመርፌህ?» ቢሉህ አንገትህን ድፋ። መድኃኒቱ ወደ ወተቱ እንደሚወርድ እሳቸው ጠርጥረዋል፤ አንተ ስንት ቀን እንደማይጠጣ አንብበህ መንገር ነበረብህ። ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ያም ሆኖ «ቀኑ እስኪያልቅ እንጀራችንን በምን እንግዛ?» ካሉህ፣ መጽሐፍህ ያላሰበላቸውን ነገር አሁኑኑ ከእሳቸው ጋር ቁጭ ብለህ አስብ።

የሥራ ማስታወቂያው «የሁለት ዓመት ልምድ ያለው» ቢልህ፣ «እናንተ ካልቀጠራችሁኝ ልምዱን በማን በሬ ላይ ልልመደው?» በል፤ ባይሰሙህም ይወጣልሃል። ከተቀጠርክ በኋላ ደግሞ አለቃህ «ስንት ከብት አከምክ?» ቢልህ፣ «የታከመውን ነው ወይስ የዳነውን?» በለው። ቅጹ ለዳነው ቦታ ከሌለው የራስህን ደብተር ግዛ፦ ምን አየህ፣ ምን ጠረጠርክ፣ ምን ሰጠህ፣ በሳምንቱ ስትሄድ እንዴት ሆና አገኘሃት። «ሞተች» የሚለውንም ያለ ይሉኝታ ጻፍ። ከዓመት በኋላ ያ ደብተር ከዲግሪህ በላይ ያስተምርሃል፤ ዲግሪው ግድግዳ ላይ ነው፣ ደብተሩ ላሞቹ ያረሙት ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ጥጃዋ ተጣማ አልወጣ ስትል፣ ክንድህን አስገብተህ አንገቷን ከእግሯ መለየት ሲያቅትህ፣ ስልክ አውጥተህ ወደ አንጋፋው ሐኪም ትደውላለህ። ባለቤቱ በከዘራቸው ተደግፈው «ታዲያ ዶክተር፣ አታውቅም ማለት ነው?» ቢሉህ፣ ሳትቆጣና ሳታፍር እንዲህ በላቸው፦ «አባቴ፣ የምደውለው ለእርስዎ ላም ብዬ ነው። ለራሴ ክብር ቢሆንማ አንድ መርፌ ወግቼ፣ ሒሳቤን ተቀብዬ፣ እስካሁን አስፋልት ደርሼ ነበር።»